መውጫ የሌለው ሐይቅ

ሐዋሳ ሰፋ ያለ ጉባኤ ሲኖራት ሰው የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ወደ ባህል አዳራሽ ነው። ምክክሩም፣ ዐውደ ጥናቱም፣ የበዓል ዝግጅቱም ተራውን ጠብቆ በዚያ ጣራ ሥር ያልፋል። እንዲህ ባለ መድረክ ስለ ሐይቁ ሲነገር ደግሞ ንግግሩ የታወቀ መንገድ አለው። ፌስታሉና የፕላስቲክ ጠርሙሱ ይነሳል። ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለል፣ የፋብሪካው ፍሳሽ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከየሰፈሩ ጠራርጎ በቦይ የሚያስገባው ቆሻሻ ይነሳል። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ግን ዓይን የሚያየው፣ አፍንጫ የሚያሸተው ነገር ነው። አሁን ከዚያው ሐይቅ በሃይላንድ የተቀዳ አንድ ሊትር ውሃ መድረኩ ላይ ይቀመጥ እንበል። ላቦራቶሪ ቢላክ ስለ ድፍርስነቱ፣ ስለ ጨዋማነቱ፣ ስለ ፎስፈረሱ፣ ከሰው ዐይነ ምድር ስለሚመጡት ባክቴሪያዎች ብዙ ይናገራል። ዲዲቲ ስለሚባለው ፀረ ነፍሳት ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል፤ ወይም መኖሩን ለመናገር እንኳ የሚያስቸግር እጅግ ጥቂት መጠን ያሳያል። ይህንን ዝምታ ንጽሕና ብሎ መመዝገብ ሐይቁን በሚመለከት ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ ነው። በውሃ ውስጥ ያሉትን ዘመን ተሻጋሪ መርዞች ውሃውን በመመርመር ብቻ ማወቅ አይቻልም። መጠየቅ ያለበት ስቡ ነው፦ የዓሣው፣ የወፉ፣ በመጨረሻም የሰው።

ምክንያቱ የኬሚካሎቹ ጠባይ ነው። በሳይንሱ ዓለም ዘላቂ ኦርጋኒክ በካዮች የሚባሉት ዲዲቲ፣ አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ሊንዴን፣ ኢንዶሰልፋን፣ በአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ የሚገኙት ፒሲቢዎች፣ ፕላስቲክና ቆሻሻ ሲቃጠል የሚፈጠሩት ዳይኦክሲኖችና መሰሎቻቸው ናቸው። አብዛኞቹን አንድ የሚያደርጋቸው ሦስት ነገር ነው። ፀሐይም ባክቴሪያም በቀላሉ አይሰባብራቸውም። ከሞቀ ቦታ ተነው በነፋስ ይጓዛሉ፣ በቀዘቀዘ ቦታ ይወርዳሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃን ይጠላሉ፣ ስብን ይወዳሉ። አንድ ግራም ዲዲቲ ሙሉ በሙሉ እንዲሟሟ ከ180 ሺህ ሊትር ያላነሰ ውሃ ይፈልጋል። ምርጫ ቢሰጠው በውሃ ውስጥ ከመቆየት ይልቅ ወደ ስብ የመግባት ዝንባሌው ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ቅቤ በአጠገቡ ያለውን ጠረን ሁሉ ስቦ እንደሚያስቀር፣ በውሃ ውስጥ የሚኖር ማንኛውም ስብ ያለው ፍጡር፣ በዓይን የማይታየው አልጌ ሳይቀር፣ እነዚህን ኬሚካሎች እየለቀመ ያከማቻል። ውሃው ንጹሕ የሚመስለው ሕያዋኑና ጭቃው ስላጸዱት ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቅርብ ለማየት በሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጥሩ ቦታ ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ ዳር ላይ የሚጠብቋቸው ነጋዴዎች ብቻ አይደሉም፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎችም አንገታቸውን ሰብረው ቆመዋል። ቆራጩ ቆሮሶውን በጀርባው በኩል ይሰነጥቃል፣ ቆዳውን ይገፍፋል፣ ከአጥንቱ ሁለት ቀጫጭን ነጭ ሥጋ አንሥቶ ወደ ሳህኑ ይጥላል። ሆድ ዕቃው፣ ጉበቱ፣ አንጀቱን የያዘው ቢጫ ስብ ወደ መሬት ይወረወራል፤ መሬት ሳይነካም አባ ኮዳው ይቀልበዋል። በዚህች ቅጽበት በዓሣው ሰውነት ውስጥ ያለው የዲዲቲ ክምችት ለሁለት ተከፈለ። ስብ የሌለበት ሥጋ ትንሹን ድርሻ ይዞ ወደ ሰው ሄደ፤ ስቡና ጉበቱ ትልቁን ይዘው ወደ ወፉ። በዝዋይ አካባቢ ዓሣ የሚበሉና ሬሳ የሚለቅሙ ወፎችን የመረመሩት የጃፓኑ ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከወፎቹ ሰውነት በብዛት ያገኙት ዲዲኢ መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። ዲዲኢ ዲዲቲ ሲፈርስ የሚተርፈው፣ ከአባቱ የባሰ ዕድሜ ረጅም የሆነው ውላጅ ነው። በሌላው ዓለም የንሥርና የጭልፊት የእንቁላል ቅርፊት ሳስቶ በእናቲቱ ክብደት እየተሰበረ ትውልድ እንዲቋረጥ ያደረገውም እሱ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች በአንድ ደረጃ ላይ አይቀመጡም። በገበያው የሚበዛው ቆሮሶ በዋናነት አልጌ ስለሚበላ በመሰላሉ የታችኛው እርከን ላይ ነው። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ፣ ዓሣም ጭምር ይበላል። ቢልጫ፣ በሳይንሱ ስም ባርበስ የሚባለው፣ ከሁሉም የሚገርም ታሪክ አለው፦ ትንሽ ሳለ ቀንድ አውጣና ነፍሳት ይለቅማል፣ ሲተልቅ ዓሣ ወደ መብላት ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2006 (ከአዋጆቹ ቁጥር በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጥናት በዚሁ ሐይቅ የባርበስን ሥጋ ሲመረምር፣ ምግቡን በቀየሩት ትላልቆቹ ውስጥ ያለው የሜርኩሪ መጠን ካልቀየሩት እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኘው። ሜርኩሪ የኦርጋኒክ በካዮቹ ቤተሰብ አይደለም፤ እሳተ ገሞራ በሚበዛበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥም ከተፈጥሮ ራሷ ሊመጣ ይችላል። መሰላሉን ግን በግልጽ ያሳያል። ያው ሐይቅ፣ ያው ውሃ፣ ያው የዓሣ ዝርያ፤ የተለየው የሚበላው ብቻ ነው። በኋላ የሐዋሳን ዓሦች ለፀረ ተባይ ቅሪት የመረመሩት ደግሞ ከተገኙት ሁሉ የዲዲቲ ቤተሰብ ሚዛኑን እንደሚደፋ፣ ባርበስም ከቆሮሶ በላይ እንደሚሸከም አገኙ። ስለዚህ «የሐዋሳ ሐይቅ ተበክሏል ወይስ አልተበከለም?» የሚለው ጥያቄ በዚህ መልኩ ሲቀርብ መልስ የለውም። የቱ ዓሣ፣ ስንት ኪሎ የሚመዝን፣ የቱ ክፍሉ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላው የሐዋሳ ልዩ ጠባይ ውሃው የትም አለመሄዱ ነው። ከ90 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለው ይህ ሐይቅ ጥልቀቱ በአማካይ 11 ሜትር ገደማ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት አንድ ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ሲሆን፣ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። ጥቁር ውሃ የሚነሳው በአንድ ወቅት ራሱ ሐይቅ ከነበረው፣ ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ከሆነው ከጨለለቃ ነው። ጨለለቃን የሚመግቡት ጅረቶች ከወንዶ ገነት በኩል ይወርዳሉ፤ ጫትና ሸንኮራ አገዳ ከሚለማበት፣ ገበሬው ጀርባው ላይ የመርጫ ጋን ተሸክሞ ከሚውልበት አገር። ረግረግ በደህናው ዘመን ትልቅ ወንፊት ነው። ደለሉን ያስቀራል፣ ከደለሉ ጋር የተጣበቀውንም መርዝ። ረግረጉ ሲታረስና ሲደርቅ ግን ወንፊትነቱ ይቀርና ለዘመናት ያጠራቀመውን ጭቃ ራሱ ወደ ታች ይለቃል።

እዚህ ላይ የሐይቁን ነገር በቅርብ የሚያውቅ ሰው የሚያነሣው ብርቱ ተቃውሞ አለ። መውጫ የሌለው ሐይቅ በትነት እየጨመረ የሚሄድ ጨው ሊኖረው ይገባል፤ ሻላና አቢያታ እንዲህ ናቸው። የሐዋሳ ውሃ ግን ለስላሳ ነው። ስለዚህ ከመሬት በታች ሠርጎ የሚወጣበት መንገድ አለ ማለት ነው፤ ሐይቁ ራሱን ያጥባል፣ ስጋቱም ያን ያህል አይደለም ሊባል ይችላል። የመጀመሪያው ክፍል ትክክል ነው፤ የሐይቁን ለስላሳነት የሚያስረዳው ይህ የከርሰ ምድር ሥርገት ነው። ድምዳሜው ግን ለጨው እንጂ ለዲዲቲ አይሠራም። ጨው ስለሚሟሟ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ውሃ የሚጠላው ኬሚካል ግን በዓሣው ስብና በታችኛው ጭቃ ተይዞ ይቀራል፤ የሐይቁ ወለል እንደ ማጣሪያ ሆኖ ውሃውን አሳልፎ መርዙን ያስቀራል። ሐይቁ ራሱን የሚያጥብበት መንገድ ራሱ በካዮቹን ለብቻ የሚለይበት መንገድ ሆነ።

መውጫ በማጣት የሐዋሳን ሐይቅ የሚመስለው ትልቁ ውሃ ውቅያኖስ ነው። አብዛኞቹ የምድር ወንዞች ወደሱ ይገባሉ፤ ከሱ ወደ ሌላ የሚፈስ ወንዝ የለም። ከየትኛውም የባሕር ዳር በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ከውቅያኖስ የላይኛው ገጽ የተቀዳ ውሃ ዛሬ ቢመረመር ፒሲቢና የዲዲቲ ዘሮች ይገኙበታል፤ መጠኑ ግን በአንድ ሊትር ከግራም ትሪሊዮንኛ በሚቆጠር አኃዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ እስከ 2011 ዓለምን በመርከብ የዞረው የስፔኑ ማላስፒና ጉዞ ይህን ዓይነት ልኬት በሐሩር ውቅያኖሶች ሁሉ ለመውሰድ የቻለው ኬሚካሉን ከብዙ ውሃ አጣርቶ በመሰብሰብ ነው። በዚያ ቁጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው ባሕሩ ንጹሕ ነው ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ነገር ግን ላይኛው ገጽ ላይ ያለው ረቂቅ አልጌ የቀሰመውን ይዞ ይሞታል፣ ይሰምጣል፣ ወደ ታች ይዘንባል። በ2017 የታተመ ጥናት ከማሪያና ሸለቆ፣ ከ10 ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት፣ የተያዙ ትናንሽ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታትን መርምሮ በውስጣቸው ያገኘው የፒሲቢ መጠን፣ በጣም ከተበከለ የቻይና ወንዝ ውሃ በሚጠጣ ማሳ ከሚኖሩ ሸርጣኖች እስከ 50 እጥፍ የሚደርስ ነበር። የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት የሰው ልጅ ትራንስፎርመር ዘይት ደርሷል። በ1980ዎቹም በሰሜን ካናዳ ፋብሪካ በሌለበት በረዶ ላይ የሚኖሩ፣ የዓሣ ነባሪና የባሕር አውሬ ስብ የሚመገቡ የኢኑዊት እናቶች ጡት ወተት ሲመረመር የፒሲቢው መጠን ከደቡብ ኩቤክ እናቶች አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በአንታርክቲካ ፔንግዊኖች ዲዲቲ የተገኘው ከዚያም አስቀድሞ፣ በ1960ዎቹ ነው።

ባሕር የሌላት አገር በዚህ ውስጥ ምን አገባት የሚል ቢኖር፣ ነፋሱ ወደብ አይፈልግም ይባላል። በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ከመሬት የሚተነው ዲዲቲ የሚሄድበት አድራሻ አለው። ሞቃት አገር ስለሆንን ቶሎ ይጠፋል የሚለው መጽናኛም እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ በሐሩር አካባቢ ዲዲቲ ከአፈር ቶሎ የሚቀንሰው በከፊል እየፈረሰ ቢሆንም በከፊል ደግሞ ቦታ እየለወጠ ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የወባ ነው፣ ከበድ ያለም መልስ ይገባዋል። ፖል ሙለር የተባለው የስዊዘርላንድ ኬሚስት በ1939 የዲዲቲን ፀረ ነፍሳትነት ደርሶበት በ1948 የኖቤል ሽልማት የወሰደው በከንቱ አይደለም፤ ከታይፈስና ከወባ የዳነው ሕይወት በሚሊዮን ይቆጠራል። በኢትዮጵያ የወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1959 ሲቋቋም ዋና መሣሪያው የቤት ውስጥ ርጭት ነበር፣ ዲዲቲም ለግማሽ ምዕተ ዓመት በዚህ ሥራ ቆየ። ስምጥ ሸለቆ የወባ አገር ነው፤ ሐዋሳና ዙሪያዋም እንዲሁ። ከዝዋይ ማዶ በአዳሚ ቱሉ ያለው ፋብሪካም ለዚሁ ዘመቻ ዲዲቲ ሲያዘጋጅ ኖሯል። እነዚህን በካዮች የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት በ2001 ሲፈረም የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ኬሚካሎች አንድ ላይ አልፈረጀም። ዲዲቲን ነጥሎ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ እንዲፈቀድ አደረገ፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 279/1994 ስታጸድቅ ይህንን በር ክፍት አድርጋ ነው። ስለዚህ ዲዲቲን የረጨው የጤና ሠራተኛ ጥፋተኛ አይደለም፤ ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠው ልጅ ያላት እናት ስለ ንሥር እንቁላል እንድትጨነቅ መጠየቅም ነውር ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ክርክር ዛሬ ሲደገም ጊዜው አልፎበታል። በኢትዮጵያ ዲዲቲ ከቤት ለቤት ርጭት የወጣው ስለ ወፎቹ ታዝኖ አልነበረም፤ ትንኟ ስለለመደችው ነው። ዋናዋ የወባ ትንኝ ዲዲቲን መቋቋሟ በተደጋጋሚ ተረጋግጦ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ አሥርት መጨረሻ ገደማ ወደ ሌሎች ኬሚካሎች ተዞረ። ትንኟን ያስለመዳት አንዱ ምክንያት ደግሞ ለግድግዳ የተፈቀደው ዱቄት ወደ ማሳ መሄዱ ነው። ዲዲቲ በገጠር ገበያ በትንሽ በትንሹ ተቋጥሮ የሚሸጥ፣ ለቁንጫም ለምስጥም ለጎተራም ለጫትም የሚበጅ መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። በ2011 ከተለያዩ አካባቢዎች የተሰበሰበ ስንዴና ጫት የመረመረ ጥናት በጫቱ ላይ ዲዲቲ አግኝቷል፤ ጫት ደግሞ ሳይበስል፣ ብዙ ጊዜም በቅጡ ሳይታጠብ ጉንጭ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ነው። ዲዲቲ ወባን በመከላከል ያገኘውን ክብር በጫት ማሳ ላይ ሲረጭ ይዞት ሊሄድ አይችልም። የጤና ጥቅሙን እንደ ጋሻ የሚያነሣ ሰው ለዚያ ጥቅም ሲባል እንኳ ዲዲቲ ከእርሻ መራቅ እንደነበረበት አብሮ ማንሣት አለበት።

እንግዲህ ቆሟል ከተባለ ጊዜ ያሽረዋል የሚሉ አሉ። በከፊል እውነታቸውን ነው፤ ርጭት በቆመባቸው አገሮች በዓሣና በእናት ጡት ወተት ያለው መጠን በአሥርት ዓመታት ውስጥ በግልጽ ወርዷል። ይህ ግን የሚታወቀው እዚያ በየዓመቱ ስለለኩ ነው። መቆሙን የሚነግረን ማን ነው? አዋጅ አይደለም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ፤ በኮንትሮባንድ የሚገባ ጠርሙስ ግን አዋጅ አያነብም። እዚህ ላይ የዓሣው ስብ ከማንኛውም ተቆጣጣሪ የተሻለ ሰላይ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው ዱቄት በብዛት ዲዲቲ ሲሆን፣ ጊዜ ሲያልፍ ወደ ዲዲኢ ይለወጣል። በዓሣው ውስጥ ዲዲኢ ከበዛ የምናየው የድሮውን ዕዳ ነው፤ የዲዲቲው ድርሻ ከፍ ካለ ግን በቅርብ የረጨ ሰው አለ ማለት ነው። በየዓመቱ ከጥቁር ውሃ አፍና ከሐይቁ መሐል የተያዙ ዓሦች ይህ ንጽጽር ቢወጣላቸው፣ የወንዶ ገነትን ማሳ በበራፍ እየዞሩ ሳይፈትሹ ሕገ ወጥ ሽያጩ መቀጠሉን ወይም መቆሙን ማወቅ ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የአሞራ ገደል ተቃውሞ ነው፣ ሰብዓዊነቱም ከሁሉ ይበልጣል። ዓሣ መርዝ አለበት ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ በማግሥቱ ግን አጥማጁ፣ መረብ ሠሪው፣ ቆራጩ፣ ጠባሿ ሁሉ ገበያቸው ይቀዘቅዛል፤ ሥጋ መግዛት ያቃተው ቤተሰብም ርካሹን ፕሮቲን ያጣል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፣ መልሱ ግን ዝምታ አይሆንም። ያለ ልኬት የሚወራ ወሬ ሁሉንም ዓሣ በአንድ ላይ ያጠፋል፤ ልኬት ግን ይለያል። እስካሁን ያለው ማስረጃ የሚያመለክተው የሐዋሳ ነጋዴ በብዛት የሚሸጠው ቆሮሶ፣ ስብ የሌለው ቀጭን ሥጋው ሲበላ፣ ከሐይቁ ዓሦች ሁሉ ለመተማመን የሚቀርበው መሆኑን ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለትላልቁ ባርበስ፣ ለጉበትና ለሆድ ስብ፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ስትበላ ነው። (በነገራችን ላይ መጥበስም መቀቀልም ዲዲቲን አያፈርሰውም፤ የሚያግዘው የቀለጠውን ስብ ማፍሰሱ ብቻ ነው።) እንዲህ ያለ በዝርያና በመጠን የተለየ ምክር አጥማጁን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

የልኬት እጦት ዋጋ ስንት እንደሆነ በጂማ አካባቢ የተደረገ ጥናት ያሳያል። በጂማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች የእናት ጡት ወተትና የላም ወተት የመረመረውና በ2013 የታተመው ይህ ጥናት፣ ሕፃናት ከእናታቸው ወተት በቀን የሚወስዱትን የዲዲቲ መጠን ሲያሰላ በአማካይ በኪሎ ክብደት 62 ማይክሮ ግራም ገደማ አገኘ። ጥናቱ ያነጻጸረበት ዓለም አቀፍ ወሰን 20 ነበር፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ይህን የመሰለ ውጤት እያየም ጡት ማጥባት ይቀጥል ይላል፣ ትክክልም ነው፤ ወተቱ ከሚያመጣው ጉዳት የሚያድነው ሞት ይበልጣልና። ግን ልብ ይበሉ፦ የእነዚያ ከተሞች የመጠጥ ውሃ ብቻ ቢመረመር ማንንም የሚያስደነግጥ ቁጥር ላይወጣ ይችል ነበር። መርዙ የተገኘው ትክክለኛው ነገር ስለተጠየቀ ነው። እናቲቱ ለዓመታት በስቧ ያጠራቀመችውን ለመጀመሪያ ልጇ ታካፍላለች፤ ሰውነቷ ከተሸከመው የሚገላገልበት ዋናው መንገድ ይኸው ነው።

ከዲዲቲ ወዲያ ያሉት ኬሚካሎች ባጭሩ ይነሱ። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን ሙሉ በሙሉ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታቅዶ መሠራቱ የሚመሰገን ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ዓለም ግን ውሃና ዘይት እንዳይጣበቅ የሚያደርጉ ፍሎሪን ያዘሉ ኬሚካሎችንም ያውቃል። ከእነዚህ ሦስቱ፣ ፒፎስ በ2009፣ ፒፎአ በ2019፣ ፒኤፍሄክስኤስ በ2022፣ በስቶክሆልሙ ዝርዝር ገብተዋል። እነዚህ ደግሞ ከስብ ይልቅ ከደምና ከጉበት ፕሮቲን ጋር የሚጣበቁ ስለሆኑ ስቡን ብቻ መመርመር አይበቃም፤ ጉበቱም መግባት አለበት። በየሰፈሩ ጥግ ፌስታልና ጎማ የሚያቃጥል ሰው ዳይኦክሲን እያመረተ ነው። ፒሲቢ ያለባቸው አሮጌ ትራንስፎርመሮች ከአገልግሎት እንዲወጡ ስምምነቱ የሰጠው ጊዜ 2025 ነበር፣ ዘይታቸው በአግባቡ እንዲወገድ ደግሞ 2028 ነው። ከአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት ቀድተው ለብየዳ ማቀዝቀዣ፣ አንዳንዴም ለቆዳ የሚጠቀሙ ሰዎች በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተመዝግበዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። እነዚህን ኬሚካሎች የሚለካ መሣሪያ ውድ ነው፣ ጋዝና መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል፣ በየጊዜው ሙያተኛ ይሻል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ግን ይህች አገር ርካሽ ይመስል የነበረውን መንገድ ሞክራ አይታዋለች፦ ለአሥርት ዓመታት በየመጋዘኑ የተጠራቀመ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አስተባባሪነት ታሽጎ፣ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋው በ2000ዎቹ መጀመሪያ እስከ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ በልዩ ምድጃ ተቃጥሏል። የዚያ ማጓጓዣና ማቃጠያ ወጪ አጠገብ የዓመት የዓሣ ምርመራ የኪስ ገንዘብ ነው። ደግሞም ሁሉንም ዓሣ ለየብቻ መመርመር አያስፈልግም፤ የአንድ ዝርያ፣ የተቀራረበ መጠን ያላቸው አሥር አሥራ አምስት ዓሦች ተፈጭተውና ተቀላቅለው እንደ አንድ ናሙና ሊለኩ ይችላሉ። ውጤቱ ሲወጣም በአማርኛና በሲዳምኛ፣ የዓሣው ዓይነት፣ ክብደቱ፣ የተመረመረው ክፍል፣ የስቡ መቶኛና የዲዲኢ ለዲዲቲ ንጽጽሩ ተጽፎ በባህል አዳራሹም በዓሣ ገበያውም ቢለጠፍ፣ በስብሰባ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ራሱ ይለወጣል።

ለምርመራ የሚሆን ገንዘብ በሌለበት ዓመት እንኳ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። በ1966 ሶረን ዬንሰን የተባለ የስዊድን ኬሚስት በዓሣና በንሥር ውስጥ ዲዲቲ ሲፈልግ በመሣሪያው ላይ የማያውቃቸው ምልክቶች እየደጋገሙ አስቸገሩት። ፒሲቢዎች ነበሩ፤ በተፈጥሮ ውስጥ መኖራቸውን ከዚያ በፊት ያስተዋለ አልነበረም። ከመቼ ጀምሮ እንዳሉ ለማወቅ የሄደው ወደ ሙዚየም ነው፦ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የተቀመጡ የንሥር ላባዎችን አንድ በአንድ ፈትሾ በ1940ዎቹ ላባ ላይ አገኛቸው። ላባዎቹን ያስቀመጡት ሰዎች ፒሲቢ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቁም ነበር። ስዊድንና ጀርመን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የዓሣ፣ የእንቁላልና የሌላም ናሙና በብርድ የሚያስቀምጡበት ቋሚ ማከማቻ አላቸው። ለሐዋሳ የሚያስፈልጋት አንድ ጥልቅ ማቀዝቀዣ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር፣ የአሉሚኒየም መጠቅለያና በእርሳስ የሚጻፍ መለያ ነው፤ ፕላስቲክ መጠቅለያ ራሱ ናሙናውን ያበላሻል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ከአሞራ ገደል ከሚገዙት ዓሦች ከሦስቱም ዝርያ ጥቂት ጥቂት፣ ሥጋው ለብቻ፣ ጉበቱ ለብቻ፣ የሆድ ስቡ ለብቻ ይቀመጣል። በዚያ ማቀዝቀዣ የሚገባው የዘንድሮ ባርበስ ዛሬ ስም ያልወጣለት ኬሚካል ከ20 ዓመት በኋላ በዝርዝሩ ሲገባ ተጠርቶ ይጠየቃል።